ጥያቄ የሌለው ተሳፋሪ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ልጅሽስ፣ ምራትሽስ፣ የልጅ ልጅሽ ድንቡሼስ፣ ጎረቤትሽ ሰዓት ጠጋኙስ እንዴት ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁንና በጤናዬ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካላቴ እንደታዘዘ ነው። ባለቤቴም ደህና ናት፤ እግሯ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም፣ እንደምታውቂያት ናት።

እስከ ዛሬ በላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ ራስ ላይ ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። እንደ ማኅተም ነበር የምመታው። ማኅተሙን እመታና መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ራሴ ወሬ እገባለሁ። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ዓይንሽ እንዴት ነው? ከኮሌጁ ሰዎች ጋር አንቺ ቤት የመጣችው ልብስ ሰፊ ያየችውን ሁሉ ነግራኛለች።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላቃና። «ወንድምሽ ጉንፋን ጥሎት ነው የቀረው» ብላ የነገረችሽ ውሸት ነው። ውሸቱ የእኔ ነው፤ እሷ ተሸካሚ ናትና እንዳትቀየሚያት። ጉንፋን አልነካኝም። አውቶብሱ በተነሣበት ቀን ድንጋይ ፈንቅል ብትዪኝ የምፈነቅል ጤነኛ ነበርሁ። ለምን እንደቀረሁ በገዛ እጄ ተጽፎ እንዲደርስሽ ብዬ ነው የተቀመጥሁት። ይህን የምታነብልሽ ምራትሽ መሆኗንም አሁን አውቄያለሁ። አንቺ ልጅ፣ አንድም መስመር ሳትዘልዪ አንብቢላት። የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺም ለእኔ አዝነሽ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ማዶ ያለው ኮሌጅ የጉዞ ትምህርት የሚሉት አጭር ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው ለጥቂት ሳምንት ማታ ማታ ክፍል ገብቶ ይማራል፤ ከዚያ ሁሉም ከመምህራቸው ጋር በአንድ አውቶብስ ተሳፍረው በጆሮ የሰሙትን በዓይን ሊያዩ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ያዩትንና የተነገራቸውን ጽፈው ያስረክባሉ። ለወጣት ብቻ አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ወንበር ላይ አርፎ መቀመጥ የሚችል ሁሉ ይመዘገባል። የዘንድሮው ትምህርት ከተሞች ውሃቸውን ከየት አምጥተው እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ነበር። የጉዞው መጨረሻ ደግሞ ያንቺ ከተማ ሆነ።

ባለቤቴ ማስታወቂያውን ኮሌጁ አጥር ላይ አይታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ። ዕድሜዬን ቧንቧ ሥር ለፈጀሁት ለእኔ ስለ ውሃ አስተምራለሁ የሚል ሰው መምጣቱ መጀመሪያ አሳቀኝ። ከድንበር ማዶ ያለውን የከተማሽን ስም ስትጠራ ግን ሳቄ ቆመ፤ ከተያየን ዘመናት አልፈዋል። ለብቻዬ ልምጣ ብል ጉልበቴ አለ፤ የድንበር ፈቃድ የሚባል ጣጣ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢሮ ለቢሮ እየዞርሁ ደጅ መጥናት የማልወድ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ኮሌጁ ግን ፈቃዱን በራሱ ስም ለሁሉም ባንድነት ያወጣል። ሳያንኳኩት የተከፈተ በር ነው ብዬ በማግሥቱ ተመዘገብሁ። እመጣለሁ የሚለውን ደብዳቤ የጻፍሁልሽ በዚያው ሳምንት ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ ስለሆኑ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አይቀረው። መምህርቷ በዕድሜ ከልጅሽ ብታንስ እንጂ አትበልጥም፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ትዕግሥቷ ግን ወፍራም። ጥንድ ጥንድ አድርጋ አስቀመጠችን። ጥንዱ በክፍልም በጉዞም አይለያይም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይጠየቅበታል። የእኔ ጥንድ ልብስ ሰፊዋ ሆነች፤ አፏ ከመቀሷ የሰላ ሴት ናት። ከኋላችን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ይቀመጣል። ሥራው ጎህ ሳይቀድ የሚጀመር ስለሆነ መምህርቷ አፏን ስትከፍት እሱ ዓይኑን ይከድናል። ልብስ ሰፊዋ ትራሴ የሚል ስም አወጣችለትና ክፍሉ በሙሉ ትራሴ ይለው ጀመር።

በመጀመሪያው ማታ መምህርቷ ስለ ዋና ቧንቧ ስትናገር አንድ ነገር ላይ ተሳሳተች። ተነሥቼ አረምኋት። «ልክ ነዎት አባባ» ብላ ሰሌዳው ላይ አስተካከለችው። አልዋሽሽም፣ ደረቴ ተነፋ። በማግሥቱም አረምኋት። በሦስተኛው ቀን የተናገረችው ትክክል ነበር፤ እኔ ግን ለማረም ተዘጋጅቼ ስለመጣሁ እሱንም አረምሁት። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሽዬ፣ ደመወዙን ማነው የሚበላው፣ እርስዎ ወይስ እሷ?» አለችኝ። ትራሴ እንቅልፉን ሳያቋርጥ ከኋላ ሳቀ።

ጠቡ የመጣው ከጥያቄው ነው። የዚህ ትምህርት ዋና ደንብ፣ ተማሪው ከጉዞው በፊት ሦስት ጥያቄ ጽፎ ማስረከብ አለበት የሚል ነው። የሚያውቀውን ሳይሆን የማያውቀውን። እዚያ ሲደርስ ጥያቄውን ይዞ የአገሩን ሰው ይጠይቃል፤ ሲመለስ የሚጽፈውም የተመለሰለትን ነው። ጥያቄ ያላስረከበ አይሳፈርም። መምህርቷ «ጥያቄ ሳይዝ የሚሳፈር ሰው አውቶብሱ ይሄዳል እንጂ እሱ አይሄድም» አለችን። ይህን አባባል ያኔ ጠላሁት፤ ዛሬም አልወደውም።

ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው፣ ነጭ ጨርቅ በአንዳንድ ከተማ ውሃ ሲታጠብ ቶሎ የሚወይበው ለምን እንደሆነ ነው። ትራሴ ደግሞ እዚያ ያሉ ጋጋሪዎች ሊጣቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ያቦኩ እንደሆነ መጠየቅ ፈለገ። እኔ ሳቅሁባቸው። «ይህ በአጥር ላይ ጎረቤት የሚጠየቀው ነው፤ ለዚህ ድንበር ይሻገሩበታል?» አልሁ። የእኔን ሳስረክብ በደንብ የተጻፈ አራት ገጽ ነበር። ግድቡ እንዴት እንደቆመ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ያንቺ ከተማ ቧንቧ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚፈነዳ፣ ሁሉንም ከነምክንያቱ ዘርዝሬዋለሁ። መምህርቷ በማግሥቱ ጠራችኝ። «አባባ፣ ይህ ግሩም መልስ ነው፤ ጥያቄው ግን የታለ?» አለች።

እንደገና ጻፍሁ። የዚያን ከተማ የውሃ ጉድለት በግድቡ ማሳበብ ስሕተት አይደለምን፣ ኃላፊዎቹስ ይህን ማወቅ አይገባቸውም ነበርን፣ የሚል ዓይነት ነው። ልብስ ሰፊዋ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ አነበበችና «ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ ክስ ነው፤ ሰዎቹ ጠበቃ ይዘው ነው የሚቀርቡት» አለች። መምህርቷም ወረቀቱን በትሕትና መለሰችልኝ። ሦስተኛ ግን አልጽፍም አልሁ። «የማላውቀው ከሌለስ?» ብዬ ሞገትኋት። «እንግዲያማ እርስዎ ይምሩን፣ እኛ እንከተል» አለች ፈገግ ብላ። ፌዝ መሰለኝና ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግትር ሽማግሌ ነው ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ፊደል ማንም አላስቆጠረኝም። ውሃ ሥራ ስቀጠር ማንበብ አልችልም ነበር። አንድ ቀን ፓምፑ ላይ የተጻፈውን ምን ይላል ብዬ መካኒኩን ብጠይቀው «ያልተማረ አይንካኝ ይላል» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው መጠየቅ ለእኔ ሱሪን በአደባባይ እንደማውለቅ ሆነ። ፊደሉን ከሣጥንና ከቆርቆሮ ላይ እየለቀምሁ ለብቻዬ ተማርሁ። ያስተማረኝ የለም፣ ስለዚህ የሚያርመኝም የለም እያልሁ ስኮራ ኖርሁ። ኩራቱ ሥራ ላይ ጠቅሞኛል፤ አልክደውም። ከሥራ ወጥቼ ቤት ስገባ ግን እንደ ቆሸሸ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ነበረብኝ፤ አላወለቅሁትም።

የማስረከቢያው ቀን ሊያልፍ ሲል መምህርቷ ቤታችን ድረስ መጣች። ባለቤቴ ወንበር ሰጠቻት፣ ውሃ አቀረበችላት። ልጅቱ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ «አንድ ብቻ ይበቃኛል፤ ትንሽም ብትሆን ግድ የለኝም» ብላ ለመነችኝ። እኔም «ትኬት የሌለው አይሳፈርም ሲባል ነው የምናውቀው፤ ጥያቄ የሌለው አይሳፈርም የሚል ሕግ የየት አገር ነው?» አልኋት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «እህትህ ቤት በየት በኩል ይኬዳል ብለህ ጻፋ፤ እሱን አታውቀውም» አለችኝ። አድራሻውን አውቀዋለሁ አልሁ። «አድራሻውንማ ፖስተኛውም ያውቀዋል» አለች። መምህርቷ ሳቋን በውሃው ዋጠችው። እኔ ግን ሁለት ሴት ተባብረው ሊያንበረክኩኝ ነው ብዬ የባሰውን ደረቅሁ። ልጅቱ ስትወጣ ከወንበሬ ተነሥቼ እንኳ አልሸኘኋትም።

አውቶብሱ የሚነሣ ዕለት ለአንቺ የተዘጋጀውን ሻንጣ ለልብስ ሰፊዋ ላስረክብ ኮሌጁ ግቢ ሄድሁ። ሰዉ ተሳፍሮ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ከልብስ ሰፊዋ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው። መምህርቷ ወርዳ ወደ እኔ መጣችና «አባባ፣ ስምዎን ከፈቃዱ ላይ አላስወጣሁትም። ወረቀትም አልፈልግም። አንዲት ጥያቄ በአፍዎ ይንገሩኝና ይግቡ» አለችኝ። ባለቤቴ ይህን ጠብቃ ኖሯል፣ ሸሚዞቼን ለአንቺ በተላከው ልብስ ሥር አጣጥፋ ከታቸው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ሻንጣውን ስትከፍቱ የወንድ ሸሚዝ ያገኛችሁት ለዚህ ነው። መልሳችሁ እንዳትልኩብኝ።

እታለም፣ ጥያቄ ነበረኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እህቴ ስታየኝ ታውቀኝ ይሆን የሚል ነው፤ ሌላ አይደለም። ፊቴ እንዴት እንደተለወጠ መስተዋት ይነግረኛል፤ ያንቺ ፊት እንዴት እንደተለወጠ ግን የነገረኝ የለም። ይህንን አውቶብስ ሙሉ ሰው በመስኮት እያየኝ፣ ትራሴ ሳይቀር ነቅቶ፣ እንዴት ብዬ ልናገረው። «መልካም ጉዞ» አልኋት። ለልብስ ሰፊዋም ሻንጣውን አቀብዬ በመስኮት «ጉንፋን ይዞት ነው በያት» ብዬ ዞርሁ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁት፤ ዞሬ ግን አላየሁም።

እነሱ በሄዱበት ሰሞን ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። የጉዞውን መንገድ በቃሌ ስለማውቀው፣ አሁን ግድቡ ጋ ደርሰዋል፣ አሁን ድንበሩ ላይ ተሰልፈዋል እያልሁ ለባለቤቴ እነግራታለሁ። መጀመሪያ እሺ ትለኝ ነበር። አንተ ከእነሱ ቀድመህ ትደርሳለህ ብላም ቀለደችብኝ። ከተማሽ ይደርሳሉ በተባለበት ቀን ግን ምሳ አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ዛሬስ የት እንደደረሱ አትነግረኝም?» አለች። ሳህኑን ገፋሁት።

ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ ቤቴ መጣች። ትቀልዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀለደችም። የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ጆሮ እንዴት እንደገባ እንድታውቂው ልጻፈው። ሻንጣው ስለከበዳት ትራሴን አስከትላ መጣች። አንቺ ንጹሕ ልብስሽን ለብሰሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠሽ ነበር። የወንድ እርምጃ ስትሰሚ ተነሣሽና ጋሼ ብለሽ ትራሴን አቀፍሽው። ያ ምስኪን አይደለሁም ለማለት አንጀቱ አልቻለም፣ ነኝ ማለትም አልቻለም፤ ሻንጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ኋላ በእጅሽ ፊቱን ዳበስሽና «ይሄ ጉንጭ የወንድሜ አይደለም፤ የወንድሜስ እንደ ጡብ ነው። አንተ የማን ነህ?» ብለሽ ሳቅሽ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ነው ጉንፋኑን ያወራችልሽ። ትራሴ በመልሱ መንገድ ሁሉ ዓይኑን አልከደነም አለችኝ። እሱን እንቅልፍ የነሣው ነገር እኔን ምን እንደሚያደርገኝ አንቺው ገምቺ።

ለካ ማየት ካቆምሽ ቆይተሻል። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለዪው፤ ያም ቢሆን እየቀነሰ እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሮሻል። ደብዳቤዎችሽን የምትጽፍልሽ ምራትሽ ነበረች። የእጅ ጽሑፍሽ መለወጡን አይቼ ነበር። አይቼም «በስተርጅና እጅሽ አማረ፤ ምክሬን ሰማሽ ማለት ነው» ብዬ አመሰገንሁሽ። ያን ስታነብልሽ ምራትሽ ምን ብላ ይሆን። ለምን ደበቅሽኝ ብዬ ልቆጣሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። ባለቤቴ «መቼ ጠየቅሃት?» አለችኝ። ብዕሩን አስቀመጥሁት።

ልብስ ሰፊዋ ሌላም ጉድ ይዛ መጥታለች። የእኔን አራት ገጽ ከመምህርቷ ተቀብላ ይዛው ሄዳ ነበርና ያንቺ ከተማ ቧንቧ የሚፈነዳበትን ምክንያት አንቺኑ ጠየቀችሽ። እኔ የውሃው ግፊት ስለሚበዛ ነው ብዬ ነበር። አንቺ ግን «መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ሥሮቻቸውን ቧንቧው ላይ ይጠመጥማሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ነው» አልሻት። የከተማው ውሃ ሠራተኛም ይህንኑ ነገራት። አየሽ፣ በአንድ ደብዳቤ ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። አንድም ቀን ከተማሽ እንዴት ነው ብዬሽ አላውቅም፤ ከተማሽ እንዴት እንደሆነ እኔው እነግርሽ ነበር እንጂ።

ጓዳ ያለው ቧንቧሽም በጨርቅ ተጠምጥሞ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጦለታል አለች። ልጅሽ ሠራተኛ ልጥራ ሲል «ወንድሜ እየመጣ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው» ብለሽ ከልክለሻል። አሠሪው፣ እህቴ። ጎማው ተበልቶ ነው፤ ማንም ይቀይረዋል። ይኸው ሳላየው ደግሞ መልስ ሰጠሁ። ብቻ የፈለገው ቢሆን አሠሪው፤ እኔን ሲጠብቅ የሚፈስ ውሃ አልወድም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ኮሌጁ ሄድሁ። ለመጪው ዓመት መዝግቢኝ፣ ጥያቄውንም ዛሬውኑ እጽፋለሁ አልኋት። መምህርቷ አንገቷን ደፋች። «የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ጨው ነው፤ አውቶብሱም በሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ወደዚያ ከተማ መቼ እንደምንመለስ አላውቅም» አለችኝ። አላውቅም የሚለውን ቃል እንደ ውሃ መጠጣት አቅልላ መናገሯ ገረመኝ። ምንም አልጎደለባትም። ደንቧን ዛሬም አልተቀበልሁትም፤ ሽማግሌን በቁራጭ ወረቀት ከመንገድ ማስቀረት ደግ አይደለም፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ግን ያስቀረኝ ደንቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሩን ከፍታ ጠብቃኛለች።

እንግዲህ የቀረኝ መንገድ የድንበር ፈቃዱን ለብቻዬ ማውጣት ነው። ቢሮው ሄድሁ። መስኮቱ ብዙ፣ ሰልፉ ብዙ፣ የቱ የምን እንደሆነ አይታወቅም። እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ የሰዉን ሁኔታ እያየሁ ገመትሁና አንዱ ሰልፍ ላይ ቆምሁ። ተራዬ ሲደርስ ለካ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ኖሯል። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ሙሽሪትስ የታለች?» ስትለኝ ሰልፉ በሙሉ አውካካ። ልወጣ በሩ ጋ ደርሼ ዘበኛው ፊት ቆምሁ። «ወዳጄ፣ የድንበር ፈቃድ በየትኛው መስኮት ነው?» አልሁት። አልሳቀም። በጣቱ አሳየኝና ወደ ወሬው ተመለሰ። ይኸው ነው። ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት ይህን ነው።

እዚያ መስኮት የነገሩኝ፣ ቤቷ የማርፍባት እህቴ በሕይወት መኖሯንና መቀበሏን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከሰፈርሽ ቢሮ እንዲመጣ ነው። ልጅሽ ይዞሽ ይሂድና ጣትሽን አስፈርሞ ይላክልኝ። እኔን ለመቀበል ፈቃደኛ ካልሆንሽም መብትሽ ነው፤ ያንኑ አስጽፈሽ ላኪልኝ። አልቀየምም ማለት ግን አልችልም።

ለመምህርቷ ያልጻፍሁትን ጥያቄ ለአንቺ ልጻፍ። ዓይንሽን ስትገልጪ ምን ይታይሻል? ቀኑ መንጋቱን በምን ታውቂያለሽ? ግቢው ውስጥ ለብቻሽ ትዘዋወሪያለሽ ወይስ ሰው ይይዝሻል? እየጨለመብሽ መሆኑን መጀመሪያ ያወቅሽው ምን ስትሠሪ ነው? በዚያን ቀን ፈርተሽ ነበር? እኔ አለመምጣቴን ስትሰሚ አለቀስሽ ወይስ ተቆጣሽ? ይህን ልብስ ሰፊዋን ብጠይቃት «እሱን እርሳቸውን ይጠይቁ» አለችኝ። ከሦስት በለጡ፤ ይብለጡ። እንዳይከፋው ብለሽ ለስላሳ መልስ እንዳትልኪልኝ። እንደ እኔ ድርቅ አድርገሽ መልሺልኝ።

ለልጅሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እናቱን ያለ ቅሬታ ስለያዘ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ለምራትሽም፤ አንቺ ልጅ፣ ያ ያመሰገንሁት የእጅ ጽሑፍ ያንቺ ነውና ምስጋናው ከነሙሉው ወደ አንቺ ይዙር፤ ምክሬን ሰማሽ ያልሁትን ብቻ ሰርዢው። ድንቡሼን ሳሙልኝ፤ መጫወቻዋን ወለል ላይ እንዳትጥል ንገሯት፣ አያቷ ታልፍበታለች። ሰዓት ጠጋኙንም በሩቁ ሰላም ብሎሃል በሉት። ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ይህን ደብዳቤ አንብባ «አሁን ገና ደብዳቤ ጻፍህ» ብላኛለች። ልብስ ሰፊዋም ትናፍቅሻለች። ትራሴ፣ «ያቀፉኝን እቅፍ ለእውነተኛው ባለቤት፣ ለወንድምዎ፣ ማድረስ ስላላወቅሁበት ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ልኮብሻል።

ፈቃዱ የዓይንሽ ብርሃን ሳያልቅ ይደርስልኝ እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። አላውቅም። ዘግይቼ ብመጣ በይቅርታ ትቀበይኝ እንደሆነም አላውቅም። ምራትሽ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ታንብብልሽ፤ ከእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂምና።

ወንድምሽ፣ ጋሼ

ከውሃ ሥራው ጀርባ፣ ከቤታችን
ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን